በሬው ከመሸጡ በፊት ወረቀቱ ይመርመር

ሩቅ አገር ሄደው ለመሮጥ ስለሚነሱ የገበሬ ልጆች

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ አንድ የገበሬ ማኅበር የማዳበሪያ ዕደላ ይካሄድ ነበር። እኔም ስለ ዕደላው ዘገባ ለማጠናቀር በሥፍራው ተገኝቼ ነበር። ሥራው አልቆ ሕዝቡ ማዳበሪያውን በአህያ እየጫነ ሲበተን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አንድ አባወራ አስከትለው ወደ እኔ መጡ። አባወራው ከጋቢያቸው ሥር አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ስለ ማዳበሪያው ያልከውን ሰምተንሃል» አሉኝ ሊቀ መንበሩ። «እስቲ ደግሞ ይህንን አንብብልን። የእኝህ ወንድማችን ልጅ ሯጭ ነው። ውጭ አገር ተጠርቷል። ነገ ገበያ ነው፤ ጥማድ በሬያቸውን ሊያወጡ ነው።»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በአውሮፓ በመስከረም ወር የሚካሄድ አንድ የማራቶን ውድድር ስም፣ የልጁ ስም፣ የትውልድ ዘመኑና የተከፈለው ገንዘብ ልክ ሰፍሮበታል። ደጋግሜ አነበብሁት። ጥሪ የሚል ቃል የለበትም። ማንኛውም ሰው በሩጫው ለመሳተፍ ገንዘብ ከፍሎ ሲመዘገብ የሚሰጠው ደረሰኝ ነው።

ለምዝገባው የተከፈለው ገንዘብ ከሁለት በግ ሽያጭ የተገኘ ነው። አሁን ደግሞ ከተማ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ለቪዛና ለአይሮፕላን መሳፈሪያ ብሎ የጠየቀው ገንዘብ ከጥማድ በሬ ዋጋ የሚያንስ አልሆነም።

«ልጁ ሲመለስ አራት በሬ ይገዛልኛል» አሉ አባት።

ይህ አባባል ከሞኝነት የመነጨ አይደለም። አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ ነው። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ የዚህ አካባቢ ሰው ከመካከሉ የወጣ ልጅ ዓለምን ሲያስደንቅ አይቷል። ከዚያ ወዲህም ከአርሲና ከሸዋ ደጋ፣ ከትግራይና ከጎጃም ገበሬ ቤት የወጡ ልጆች በሩጫ ቤት ሠርተዋል፣ ወላጅ ጦረዋል። ስለዚህ ለአባትየው «ሩጫ ከንቱ ነው» ብሎ መመለስ ውሸት ይሆናል። «በሬውን ሽጡ» ማለትም ሌላ ጥፋት ነው። በቂ ዕውቀት ስላልነበረኝ በሬዎቹ አንድ ሳምንት ብቻ እንዲቆዩ ለመንሁ። በዚያ ሳምንት በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ አሠልጣኞችንና ውጭ አገር ሮጠው የመጡ ልጆችን ጠየቅሁ፤ ውድድሮቹ ስለ ምዝገባ ያወጧቸውን ደንቦችም አነበብሁ። ያገኘሁትን ለሌሎች የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ይጠቅማል በማለት ከዚህ በታች አቅርቤዋለሁ። የጠቀስኋቸው ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ሯጮች

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በታላላቆቹ ከተሞች በሚደረጉት ውድድሮች በዚሁ አንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚሮጡ ማወቅ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው።

ከፊት የሚሰለፉት በአዘጋጁ የተጠሩ ጥቂት ዝነኞች ናቸው። መሳፈሪያቸውንና ማደሪያቸውን የሚችለው አዘጋጁ ነው። ከኋላ የሚከተሉት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ከ56,000 በላይ ሰዎች ሩጫውን ጨርሰዋል። ለዚያ ውድድር ዕጣ ለማውጣት ያመለከተው ሰው ደግሞ ከ840,000 በላይ ነበር።

እነዚህ ሰዎች መምህራን፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ይወስዳሉ፣ በራሳቸው ወጪ ተሳፍረው ሩቅ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሮጠው ሜዳሊያ ይዘው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ገንዘብ ያወጣሉ እንጂ አያገኙም። ስለት ለማድረስ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በራሱ ስንቅ እንደሚጓዝ ሰው ናቸው፤ ተጓዡ ደስ ብሎት ይመለሳል፣ ነግዶ ለማትረፍ የሄደ ግን የለም።

ከሚያዝያ 1889 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የቦስተን ማራቶን፣ በየዓመቱ ከሚደረጉት ማራቶኖች ሁሉ አንጋፋው ነው። ለቦስተን ከሚያመለክተው ተራ ሯጭ አብዛኛው አስቀድሞ በሌላ ማራቶን የተወሰነ ሰዓት ማስመዝገብ አለበት። ለሚያዝያ 2018 ዓ.ም. ውድድር ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆነ ወንድ የተጠየቀው 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ፣ ለሴት 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበር። ለንደን፣ በርሊን፣ ቶኪዮና ኒውዮርክ ደግሞ ብዙውን ተራ ሯጭ በዕጣ ይመርጣሉ፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስቡም ቦታ ያገኛሉ። ከእነዚህ ያነሱ ብዙ ውድድሮች ግን ከፍሎ የተመዘገበውን ሁሉ ይቀበላሉ። በአባትየው ጋቢ ሥር የነበረው ወረቀት ከዚህ ዓይነቱ ውድድር የመጣ ነው።

ሦስቱን ወረቀቶች መለየት

አንድ ልጅ «ተጠራሁ» ብሎ ወረቀት ሲያመጣ ወረቀቱ ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ነው።

አንደኛው የምዝገባ ደረሰኝ ነው። ሯጩ ገንዘብ መክፈሉንና የመሮጫ ቁጥር የሚሰጠው መሆኑን ብቻ ያረጋግጣል። ማደሪያ፣ ቀለብ፣ መሳፈሪያ፣ ደመወዝ የለውም።

ሁለተኛው ለቪዛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። አዘጋጁ፣ ሯጩ የተመዘገበ መሆኑን ለኤምባሲ የሚገልጽበት ነው። ይህ ደብዳቤ ኤምባሲውን አያስገድደውም። ቪዛ የሚሰጠውም የሚከለክለውም ኤምባሲው ነው፤ ቢከለክልም ለማመልከቻው የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም።

ሦስተኛው እውነተኛው የውድድር ጥሪ ነው። ይህ የሚመጣው ቀድሞ ሰዓት ላስመዘገበ አትሌት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተፈቀደለት የአትሌት ወኪል፣ ማናጀር በሚባለው ሰው በኩል ነው። መሳፈሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ ማደሪያው የት እንደሆነ፣ ለመሳተፍ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሰፍርበታል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም ለጉዞው ፈቃድ ይጠየቃል።

እንግዲህ መለያው አስቸጋሪ አይደለም። አዘጋጁ የሚፈልገው ሯጭ ከሆነ ወጪውን የሚችለው አዘጋጁ ነው። ወጪው ሁሉ ከገበሬው በረት እንዲወጣ ከተጠየቀ ልጁ የሚሄደው ከኋለኞቹ ሺዎች ጋር ሊሰለፍ ነው ማለት ነው።

ሩጫም እንደ መሬት ይመረጣል

ለደጋ የተመረጠ የገብስ ዘር ቆላ ወርዶ እንደማይይዝ ሁሉ፣ የተጠራ አትሌትም ቢሆን ሁሉም ውድድር አይስማማውም።

የበርሊን መንገድ ሜዳ ነው፤ የመስከረሙ አየርም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2000 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ደግሞ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ነው። ትዕግሥት አሰፋም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የሴቶችን ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚያው መንገድ ነው። ፈጣን ሰዓት ለሚፈልግ እንዲህ ያለው መንገድ ይመረጣል። በጥር አካባቢ የሚደረገው የዱባይ ማራቶንም ሜዳ ላይ የሚሮጥ በመሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስማቸውን ያስጠሩበት ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. አየለ አብሽሮ የመጀመሪያ ማራቶኑን እዚያ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሸንፏል።

ኒውዮርክ ሌላ ነው። ድልድይ መውጣትና መውረድ ስላለበት የሚታየው ከሰዓት ይልቅ ብልሃት ነው። ደራርቱ ቱሉ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በዚያ ያሸነፈችው በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘች ከ17 ዓመታት በኋላ ነበር።

ቦስተን ደግሞ አሳሳች መንገድ ነው። ሩጫው የሚጀመረው ከከተማው ውጭ ሆፕኪንተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ መድረሻው ከመነሻው በ140 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መጀመሪያው ቁልቁለት ስለሆነ እግር ይሸከማል፤ ሯጩ ከደከመ በኋላ፣ ከ26ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ባለው መንገድ ግን ኮረብታዎቹ ይመጣሉ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ወደዚያ ተጉዘው ነበር። ለረጅም ርቀት ሲመሩ ከቆዩ በኋላ ኮረብታውና ቀዝቃዛው ነፋስ አዳከማቸው። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ገቡ። ያው አበበ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። በዚያው በቦስተን መንገድ ደግሞ በቆጂ ያፈራቻት ፋጡማ ሮባ በ1989፣ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች። አበበን የሚያህል ሯጭ የከበደው መንገድ ያልተፈተነን ልጅ ምን ያደርገዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሩጫ ወራትና የእርሻ ወራት

የገበሬ ማኅበር መሪ በቀላሉ የሚረዳው ሌላ ጉዳይ አለ። ለአንድ ማራቶን ሦስት ወይም አራት ወር ያለማቋረጥ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በእነዚህ ወራት ልጁ ማለዳ ይሮጣል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ደግሞ ይሮጣል። ጎኑ እንዲያርፍ፣ ሆዱም እንዲሞላ ያስፈልጋል።

በመስከረም ለሚደረገው የበርሊን ሩጫ ዝግጅቱ ክረምቱን ይወስዳል፤ ይኸውም የእርሻ፣ የዘርና የአረም ጊዜ ነው። በጥር ለዱባይ፣ ወይም በየካቲት መጨረሻ ለቶኪዮ የሚዘጋጅ ሯጭ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ከአውድማ ይጎድላል። የሚያዝያዎቹ የለንደንና የቦስተን ሩጫዎች ዝግጅት በበጋ በመሆኑ ከእርሻው ጋር ብዙ አይጋጭም፤ በልግ በሚዘራበት አካባቢ ግን እሱም ይጋጫል። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ «ልጄ ይሩጥ» ሲል መሳፈሪያውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ጉልበት መስጠቱን ማወቅ አለበት። ጉልበቱን ሰጥቶ በሬውንም ቢሸጥ መሬቱ ያለ ሰውና ያለ በሬ ይቀራል። ማሳው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱ እኩሌታ ወደ ሌላ ጎተራ ይገባል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ እንኳ መቀናጆ ፈልጎ ይውላል፤ ጥማዱን የጨረሰ ግን ለመቀናጆም የሚያቀርበው የለውም።

ማራቶን የሚሮጥ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚሮጠው። ሰውነት እንደ መሬት ማረፍ አለበት። ስለዚህ «አንዱ ባይሳካ በሚቀጥለው ወር ሌላ ይሮጣል» የሚለው የጉዳይ አስፈጻሚዎች ተስፋ የማይሆን ነገር ነው።

ከሽልማቱ እጅ የሚገባው

በየመንደሩ የሚወራው የሽልማቱ ቁጥር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥር 2000 ዓ.ም. ዱባይ ላይ ሲያሸንፍ ለአንደኛ የተመደበው ሽልማት 250,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ቦስተን በቅርብ ዓመታት ለአንደኛ 150,000፣ ለሁለተኛ 75,000፣ ለሦስተኛ 40,000 ዶላር ከፍሏል። ወሬው እውነት ነው። ነገር ግን በቦስተን የሚሮጠው ሰው 30,000 ያህል ሲሆን ሽልማት የሚደርሳቸው ከፊት የገቡት ጥቂቶች ናቸው።

ሽልማቱም ሙሉ በሙሉ እጅ አይገባም። በአሜሪካ ከውጭ አገር አትሌት ሽልማት ላይ 30 በመቶ ለመንግሥት ግብር ይቀነሳል። ወኪሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። 75,000 ዶላር ያገኘ አትሌት ለግብር 22,500፣ ለወኪል 11,250 ከፍሎ የሚተርፈው 41,250 ነው። ክፍያውም ሩጫው ባለቀበት ዕለት አይሰጥም፤ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለዘር ጊዜ ብሎ የተበደረ ቤተሰብ እስከዚያ ወለዱን እየከፈለ ይጠብቃል።

መታወቂያው ላይ ያለው ዕድሜ

ከሳምንት በኋላ ወደ ማኅበሩ ተመልሼ በአባወራው ቤት ተቀመጥን። አባት፣ እናት፣ ልጁና ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ስለ ዕድሜው ስጠይቅ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ፤ 20 ዓመት ይላል።

እናቱ ቡናውን እየቀዱ፣ «የትኛው ሃያ?» አሉ። «የልደታ ዕለት ነው የወለድሁት፤ ታላቁ በዚያ ዓመት ቄስ ትምህርት ቤት ገባ። አሁን አሥራ ሰባቱን ያዘ እንጂ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። መታወቂያውን የሰጠው ማኅበሩ ነው፤ ማኅተሙም የሊቀ መንበሩ ነው። ሊቀ መንበሩ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «እኔ ነኝ የጻፍሁለት» አሉ። «ለሩጫ ያስፈልገኛል ሲል ልጁን የጠቀምሁት መስሎኝ ነው።»

ይህን የተናገሩትን ሰው አከብራቸዋለሁ፤ የሳቸውን ያህል ደፍሮ የሚናገር ስለማይገኝ። ነገሩ ግን በብዙ ቦታ የሚሠራ ስሕተት ነው። የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊንና የኒውዮርክ ማራቶኖች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይቀበሉም። በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለመሮጥ ደግሞ 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ደንቡ የወጣው አጥንቱ ያልጠና ልጅ 42 ኪሎ ሜትር እየሮጠ እንዳይሰበር ነው። ዕድሜው በወረቀት የተጨመረለት ልጅ ገና ሳይበስል ያረጃል። በሌላ በኩል ዕድሜ ቀንሶ ከታዳጊዎች ጋር ለመሮጥ የሚሞክርም አለ። በኋላ ሰነዶቹ ሲጋጩ ውጤቱ ይሰረዝበታል፤ በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ደግሞ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል። ልደት በጊዜው ተመዝግቦ፣ መታወቂያም በዚያ መሠረት ከተሰጠ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የአሰላ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ በአዲስ አበባ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከ10 ዓመት በላይ አጠር ያሉትን ርቀቶች ሮጠ፣ በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒኮች በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ ለለንደን ማራቶን የተሰለፈው በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም የወጣው ሦስተኛ ነው።

ስለ መርፌም አንድ ነገር ተነስቷል። አንዳንድ ልጆች «ደም ያበዛል» የሚባል መርፌ ወይም ክኒን ከማያውቁት ሰው እጅ ይወስዳሉ። በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ከተገኘ ኃላፊው ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት አያድነውም። ቅጣቱ አራት ዓመት ከውድድር መታገድ ሊሆን ይችላል። የደም መርፌው ደምን አወፍሮ ሕይወትን እስከ ማሳጣት የሚደርስ አደጋም አለው።

የተለካው ሩጫ

ልጁ እስከዚያን ቀን ድረስ በሰዓት ተለክቶ አያውቅም ነበር። «ጎበዝ ነው» የተባለው ከመንደር እስከ ከተማ ሲሮጥ የሚቀድመው ስለሌለ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሄደን አንድ አሠልጣኝ በተለካ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር አስሮጠው። 33 ደቂቃ ፈጀበት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር፣ በወንዶች ከፊት የሚገቡት 28 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባቸዋል። አሸናፊው ሲገባ ይህ ልጅ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይቀረዋል። የደብረ ብርሃን አየር ይበልጥ ቀጭን ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ የልጁ ድክመት አይደለም። አሠልጣኙም እንዲህ ብሎ ነገረን፤ «ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መጥፎ አይደለም። ሦስትና አራት ዓመት ቢሠራበት ምናልባት ሰው ይሆናል። በሬ የሚሸጥበት ሰዓት ግን አይደለም።»

ታላቁ ሩጫን የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይሌ ራሱ ካቋቋሙት አንዱ ሲሆን የመጀመሪያውንም ውድድር አሸንፏል። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይሮጥበታል፤ ከውጭ አገር ድረስ ተጉዘው የሚመጡም አሉ። አብዛኛው ለደስታው ይሮጣል፤ ከፊት ግን የክለብ አትሌቶችና ራሳቸውን ለማሳየት የሚፈልጉ ወጣቶች ይፎካከራሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ይደረሳል። ዶሮ ቢሸጥ ይበቃል፤ በሬ አያስፈልግም። ፈጣን ልጅ በወረዳ፣ በዞንና በክልል ውድድሮች ታይቶ፣ ክለብ ገብቶ፣ ሰዓት አስመዝግቦ ነው በወኪሎች ዓይን የሚገባው። ያን ጊዜ መሳፈሪያውን የሚከፍለው ሌላ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች አሠልጣኝ መሆን አይጠበቅባቸውም። በእጃቸው ያለውን ሥራ ግን ሊሠሩ ይገባል።

የልጆች ልደት በጊዜው እንዲመዘገብ ማድረግ፣ በማንም ልመና ዕድሜ አለመጨመርና አለመቀነስ የመጀመሪያው ነው። ከውጭ አገር መጣ የተባለ ወረቀት ሲቀርብ በትምህርት ቤቱ መምህር እንዲነበብና ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ እንዲለይ፣ ጥሪ ነው ከተባለም በወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ከፌዴሬሽኑ እንዲጣራ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው፣ በሬ ወይም ላም ለጉዞ ሊሸጥ ነው ሲባል ሽማግሌዎች ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክሩበትና ልጁ በሰዓት ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው። አራተኛው፣ ልጁ ዝግጅት ላይ በሚሆንበት ወር ማሳውን ማን እንደሚያርስና ማን እንደሚያርም አስቀድሞ መነጋገር ነው። በደቦም በወንፈልም ሊረዳ የሚገባ ቤተሰብ ካለ በጊዜው ይታወቃል።

በዚያ ማኅበር ሊቀ መንበሩ የልጁን ዕድሜ ለማስተካከል በማግስቱ ወደ ወረዳ ሄዱ። የሁለቱ በግ ገንዘብ አልተመለሰም። ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከደብረ ብርሃኑ አሠልጣኝ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠራ ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር፤ ጉዳይ አስፈጻሚውም ሁለት ጊዜ ደውሎለታል።

በሐምሌ አጋማሽ በዚያ በኩል ሳልፍ አባትየው በዝናብ መካከል የባቄላ ማሳቸውን ዳር ይዘው ቆመው ነበር። ጥማዱ ከሾላው ሥር ታስሯል። ልጁን ስጠይቃቸው በአገዳቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱኝ። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ልጅ ጭቃውን እየረገጠ ቁልቁል ሲሮጥ ታየ።

«ከአረም ገና መመለሱ ነው» አሉ። «ሰላሳ ሁለት ደቂቃ ገብቻለሁ ይላል። እኔ ደቂቃውን አላውቀው፤ አንተ ታውቃለህ።»